ስኮርታው ዲስክ ለምን ባዶውን ይቀመጣል?



ከዚህ ማሠልጠኛ ወጥተን ወደየትምህርት ቤቱ ስንመደብ ከማስተማሩ ሌላ ብዙ ሥራ ይጠብቀናል። ስፖርቱን ያዝ፣ ክበቡን ምራ፣ ሚኒ ሚዲያውን አንቀሳቅስ እንባላለን። ዛሬ ዛሬ ደግሞ አንድ ሌላ ሥራ ተጨምሯል። ኮምፒውተር ትንሽ የነካካ መምህር ከተገኘ «በል እንግዲህ፣ ሰርቨሩን አንተ ያዝልን» ይባላል። እምቢ ማለት ያስቸግራል፤ እሺ ብሎ ሳያውቁ መያዝ ግን የባሰ ነው። እዚያ ሣጥን ውስጥ የተቀመጠው የልጆች ውጤት ነውና። የአንድ ተማሪ የአራት ዓመት ማርክ ከጠፋ ልጁ እንደገና ተወልዶ አይማርም፤ ትራንስክሪፕት በሚጠየቅበት ቀን መምህሩም ሬጅስትራሩም ባዶ እጃቸውን ይቀራሉ።

ስለዚህ በዛሬው ትምህርታችን በመረብ የሚያገለግል የመረጃ ማስቀመጫ ሰርቨር ዲስኮቹ እንዴት እንደሚከፋፈሉ፣ በተለይም ተጠባባቂው ዲስክ ምን እንደሚሠራ እንመለከታለን። የጽሑፉ ዋና ሐሳብ አንድ ነው፤ እርሱም ባዶውን የተቀመጠው ዲስክ ሥራ ፈት አለመሆኑ ነው። ሥራው መጠበቅ ነው።

1ኛ. ሰርቨሩ ምንድን ነው?

እ.ኤ.አ. በ1956 አይቢኤም የተባለው ኩባንያ ራማክ የሚባል ማሽን አወጣ። ማሽኑ 50 ትልልቅ ሳህኖች የነበሩት የዲስክ ማከማቻ ሲኖረው፣ የሚይዘው 5 ሚሊዮን ያህል ፊደል ብቻ ነበር። ዛሬ በእጅ መዳፍ የሚያዝ አንድ ዲስክ ብዙ ቴራባይት ይይዛል፤ አንድ ቴራባይት ማለት አንድ ሚሊዮን ሜጋባይት ነው። መጠኑ እንዲህ ያድግ እንጂ አንድ ነገር አልተለወጠም፤ ዲስክ ዕቃ ነው፣ ዕቃ ደግሞ ይሰበራል። በተለይ ውስጡ ሳህን የሚሽከረከርበት ዲስክ ዘላለም አይሽከረከርም።

የመረብ ማስቀመጫ ሰርቨር ማለት ብዙ ዲስኮችን ባንድ ሣጥን ሰብስቦ በኬብል ወይም በዋይፋይ ለተያያዙት ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚያካፍል ማሽን ነው። ሬጅስትራሩ በቢሮው፣ መምህሩ በስታፍ ሩም ሆነው ያንኑ ፋይል ያገኙታል። ለዚህ አገልግሎት ታዋቂ ከሆኑት አሠራሮች አንዱን፣ ኤንኤፍኤስ የተባለውን፣ ሰን ማይክሮሲስተምስ እ.ኤ.አ. በ1984 ለሕዝብ አቀረበ። ኔትአፕ የተባለው ኩባንያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1992 በካሊፎርኒያ ተቋቁሞ ይህን ሥራ ብቻ የሚሠራ ሰርቨር ይዞ ተነሣ። አሠራሩ ስለ ስኮርታ በደንብ ስለሚያስተምረን ምሳሌ የምናደርገው እርሱን ነው።

2ኛ. የጠፋው ቁጥር እንዴት ይመለሳል?

እ.ኤ.አ. በ1988 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌ የነበሩት ዴቪድ ፓተርሰን፣ ጋርዝ ጊብሰንና ራንዲ ካትዝ አንድ ጥናት አቀረቡ። ሐሳባቸው ቀላል ነበር። አንድ ትልቅና ውድ ዲስክ ከመግዛት ይልቅ ብዙ ርካሽ ዲስኮችን አስተባብረን አንዱ ሲሞት ሌሎቹ እንዲሸፍኑለት እናድርግ የሚል ነው። ይህን አሠራር ሬይድ ብለው ሰየሙት። እንዴት እንደሚሸፍኑለት በክፍል ውስጥ በምናውቀው ሒሳብ እንየው።

ሦስት ዲስኮች አሉ እንበል። በመጀመሪያው 7፣ በሁለተኛው 4፣ በሦስተኛው 9 ተጽፏል። አራተኛ ዲስክ እንጨምርና ድምሩን 20ን እንጻፍበት። አሁን ሁለተኛው ዲስክ ሞተ። 4 ቁጥር ጠፋ ማለት ነው? አልጠፋም። 20 ሲቀነስ 7 ሲቀነስ 9 ስንል 4 ይመጣል። ያ ድምር የተጻፈበት ዲስክ ፓሪቲ ይባላል። ማሽኑ የሚያስበው በ0 እና በ1 ስለሆነ አደማመሩ ትንሽ ይለያል፤ ሐሳቡ ግን ያው ነው።

ሁለት ዲስክ አብረው ቢሞቱስ? 7ም 4ም ቢጠፉ «የሁለቱ ድምር 11 ነው» ከማለት ሌላ የምናውቀው የለም። 5 እና 6 ይሁኑ፣ 8 እና 3 ይሁኑ በምን ይለያል? በአልጀብራ እንደተማርነው ሁለት ያልታወቁ ቁጥሮችን ለማግኘት ሁለት እኩልዮሽ ያስፈልጋል። ስለዚህ አምስተኛ ዲስክ እንጨምርና ሌላ ዓይነት ድምር እንጻፍበት። የመጀመሪያውን በ1፣ ሁለተኛውን በ2፣ ሦስተኛውን በ3 አባዝተን ስንደምር 7 እና 8 እና 27፣ በጠቅላላው 42 ይሆናል።

አሁን 7ና 4 ቢጠፉ፦
የመጀመሪያው ድምር፦ ሀ + ለ = 20 − 9 = 11
ሁለተኛው ድምር፦ ሀ + 2ለ = 42 − 27 = 15
ስናቀናንስ ለ = 4፣ ሀ = 7። ሁለቱም ተመለሱ!

ይህ ድርብ ፓሪቲ ይባላል። ኔትአፕ ሬይድ-ዲፒ ብሎ በሰየመው ዘዴ አንዱ ድምር በአግድም፣ ሌላው በሰያፍ ይወሰዳል። ሁለት ዲስክ በአንድ ጊዜ ቢሞት እንኳ መረጃው አይጠፋም።

3ኛ. ታዲያ ስኮርታው ለምን አስፈለገ?

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። «ፓሪቲ ካለ ስኮርታ ምን ያደርጋል?» ይላል። መልሱ ይህ ነው፦ ፓሪቲ የጠፋውን ለማስላት ያስችላል፤ የተሰላው የሚጻፍበትን ቦታ ግን አይሰጥም። የሞተው ዲስክ በሌላ እስኪተካ ድረስ ሰርቨሩ እያነከሰ ነው የሚሠራው። በዚያ መካከል ሌላ ዲስክ ከሞተ፣ በነጠላ ፓሪቲ ከሆነ ሁሉ ነገር አበቃ።

ከጎጃም ተነሥቶ የዓባይን በረሃ የሚወርድ አውቶቡስ ስኮርታ ጎማ ሳይዝ አይወጣም። «የጎማው ቦታ ሁለት ጆንያ ጤፍ ይይዝ ነበር» ብሎ ስኮርታውን አውርዶ የሚሄድ ሹፌር ቢኖር ተሳፋሪው ምን ይለዋል? ጎማው የሚተነፍሰው ጎሚስታ ቤት ደጃፍ ላይ አይደለም፤ ቁልቁለቱ መሐል ነው። ዲስክም እንዲሁ ነው። ቅዳሜ ሌሊት ይሞታል፤ ወይም የፈተና ውጤት በሚገባበት ሳምንት ይሞታል።

ስኮርታ ዲስክ በሣጥኑ ውስጥ ተሰክቶ ካለ ሰርቨሩ ማንንም ሳይቀሰቅስ በራሱ ሥራውን ይጀምራል። የቀሩትን ዲስኮች ያነባል፣ የጎደለውን ያሰላል፣ በስኮርታው ላይ ይጽፋል። ይህ መልሶ መገንባት ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል? ባለ 2 ቴራባይት ዲስክ ማለት 2 ሚሊዮን ሜጋባይት ነው። በሰከንድ 100 ሜጋባይት ቢጻፍ 20,000 ሰከንድ፣ ማለትም 5 ሰዓት ተኩል ያህል ይሆናል። ባለ 16 ቴራባይት ዲስክ በሰከንድ 200 ሜጋባይት ቢጻፍ 80,000 ሰከንድ ወይም ከ22 ሰዓት በላይ ይወስዳል። ይህ ሰርቨሩ ሌላ ሥራ ከሌለበት ነው፤ ተጠቃሚዎች እየሠሩበት ከሆነ ይረዝማል። ስኮርታ ከሌለ ደግሞ በዚህ ላይ ብልሽቱ እስኪታይ፣ ግዥ እስኪፈቀድ፣ ዲስኩ ከአዲስ አበባ እስኪደርስ ያለውን ጊዜ ደምሩበት። ሰዓቱ ሳምንታት ይሆናል።

ኔትአፕ ይህን አደጋ ምን ያህል አክብዶ እንደሚያየው ከአንድ ደንቡ ይታወቃል። የዲስኮቹ ስብስብ ከእንግዲህ አንድም ተጨማሪ ሞት በማይችልበት ደረጃ ላይ ከደረሰና የሚተካ ስኮርታ ከሌለ፣ ሰርቨሩ ያስጠነቅቃል፤ አስቀድሞ በተደነገገለት 24 ሰዓት ውስጥ ካልተስተካከለ ራሱን ያጠፋል። መረጃውን ከማጣት አገልግሎት መስጠቱን ማቆም ይሻላል ማለቱ ነው።

4ኛ. 12 ዲስክ እንዴት ይከፋፈል?

እያንዳንዳቸው 2 ቴራባይት የሆኑ 12 ዲስኮች ያሉት አንድ ሰርቨር ተሰጠን እንበል። አማራጮቹ እነሆ፦

ሀ) 11 ለመረጃ፣ 1 ለፓሪቲ፣ ስኮርታ የለም። የሚገኘው ቦታ 22 ቴራባይት።
ለ) 10 ለመረጃ፣ 1 ለፓሪቲ፣ 1 ስኮርታ። 20 ቴራባይት።
ሐ) 9 ለመረጃ፣ 2 ለፓሪቲ፣ 1 ስኮርታ። 18 ቴራባይት።
መ) 8 ለመረጃ፣ 2 ለፓሪቲ፣ 2 ስኮርታ። 16 ቴራባይት።

ዓይን ወደ ሀ ይሄዳል፤ ቁጥሩ ትልቅ ነዋ! ነገር ግን በሀ አከፋፈል አንድ ዲስክ ቢሞት እርሱን ለመገንባት የቀሩት 11 ዲስኮች ከዳር እስከ ዳር መነበብ አለባቸው፤ 22 ቴራባይት ማለት ነው። የብዙ ተራ ዲስኮች አምራቾች በሚሰጡት መግለጫ፣ በየ100 ትሪሊዮን ቢት ንባብ እስከ አንድ የማይነበብ ቦታ ሊያጋጥም ይችላል። 100 ትሪሊዮን ቢት 12.5 ቴራባይት ነው። ይህ የመጨረሻው ወሰን ስለሆነ ብዙ ዲስክ ከዚህ የተሻለ ይሠራል፤ ቢሆንም 22 ቴራባይት ስናነብ ከዚያ ወሰን አልፈን ነው የምንሄደው። በነጠላ ፓሪቲ ላይ ሁለተኛ እንቅፋት ከመጣ የሚያድን የለም። በድርብ ፓሪቲ ግን ሁለተኛው ድምር ይደርስለታል።

ስለዚህ ለትምህርት ቤት ሐ ተስማሚ ነው። ምትክ ዲስክ በቀላሉ ከማይደርስበት ሩቅ ወረዳ ከሆነ ደግሞ መ ይመረጣል። ሁለት መቆጣጠሪያ ያለው ሰርቨር ከሆነም ይታሰብበት። በኔትአፕ አሠራር እያንዳንዱ መቆጣጠሪያ የራሱን ዲስኮች ይይዛል፤ አንዱ የሌላውን ስኮርታ አይበደርም። 12ቱን ለሁለት እኩል ብናካፍል ለእያንዳንዱ 6 ይደርሰዋል፤ ከዚያ 2 ፓሪቲና 1 ስኮርታ ሲወጣ 3 ይቀራል። በጠቅላላው መረጃ የሚይዙት 6 ብቻ ይሆናሉ ማለት ነው። መጥኖ መደቆስ አስቀድሞ ነው የሚባለው ለዚህ ነው።

አሁን ደግሞ የማይቀረውን ጥያቄ እንመልከት። ሰርቨሩ ሲሞላ ርዕሰ መምህሩ ይጠሩንና እንዲህ ይላሉ፦

— ሰርቨሩ ሞላ ይላሉ። አንድ ዲስክ ግን ባዶውን ተቀምጧል አሉ። ለምን አትጨምረውም?

— ጋሼ፣ መጨመሩን ልጨምረው እችላለሁ። መልሼ ማውጣት ግን አልችልም።

መልሱ ይኸው ነው፤ እውነትም ነው። በኔትአፕ ሰርቨር አንድ ዲስክ አግሪጌት ወደሚባለው ስብስብ አንዴ ከገባ ስብስቡን በሙሉ ካላፈረሱ በስተቀር አይወጣም። ማፍረስ ማለት ደግሞ በውስጡ ያለውን ሁሉ ማጥፋት ነው። ስኮርታን ወደ ስብስብ ማስገባት አንድ ትእዛዝ ነው፤ በአንድ ደቂቃ ያልቃል። ጸጸቱ ግን ዓመት ይቆያል። ስለዚህ ለርዕሰ መምህሩ «እምቢ» ብቻ ብሎ መውጣት አይበቃም። «እነዚህን አሮጌ ቪዲዮዎች እናንሣ፣ ለሚመጣው በጀት ደግሞ ሁለት ዲስክ ይያዝልን» ብሎ ሌላ መንገድ ማሳየት ያስፈልጋል።

5ኛ. የስኮርታ አያያዝ

አንደኛ፣ ስኮርታው ከሌሎቹ ጋር አንድ ዓይነት፣ መጠኑም እኩል ወይም የሚበልጥ ይሁን። የሚያንስ ዲስክ ምትክ አይሆንም፤ የሚበልጥ ከሆነ ደግሞ ትርፉ አይሠራበትም።

ሁለተኛ፣ ስኮርታው አስቀድሞ ተጠርጎና ተፈትኖ ይዘጋጅ። የተነፈሰ ስኮርታ ይዞ መንገድ መውጣት ስኮርታ ከሌለው አይሻልም።

ሦስተኛ፣ ስኮርታው ሥራ የገባ ዕለት ስኮርታ የለንም ማለት ነው። «ሰርቨሩ ይሠራል፣ ምን ቸገረኝ» ብሎ መቀመጥ አይገባም። የምትኩ ማዘዣ በዚያው ቀን ይጻፍ።

አራተኛ፣ የሞተውን ዲስክ ከመንቀል በፊት ቁጥሩን በጽሑፍ ይዞ፣ መብራቱን አይቶ፣ ከሰው ጋር አመሳክሮ መንቀል ነው። የሞተውን ትቶ ደህናውን መንቀል በነጠላ ፓሪቲ ጊዜ ስብስቡን ሁሉ ይጥላል። እያንዳንዱ የዲስክ መሳቢያ ላይ ቁጥር መለጠፍ ወረቀትና ማጣበቂያ እንጂ ሌላ ወጪ የለውም።

አምስተኛ፣ በሳምንት አንድ ቀን ሰርቨሩ ምን እንዳለ ይታይ። ስንት ስኮርታ አለ? የታመመ ዲስክ አለ? ስንት ቦታ ቀረ? ሦስቱ መልሶች በአንድ ደብተር ላይ ከነቀኑ ይመዝገቡ። እኛ ስንዛወር ለሚተካን መምህር የምናወርሰው ያ ደብተር ነው።

6ኛ. ቦታው በቮልዩም ሲከፋፈል

ዲስኮቹ ከተከፋፈሉ በኋላ የተገኘውን ቦታ ደግሞ መከፋፈል ይመጣል። እያንዳንዱ ክፍል ቮልዩም ይባላል። ለምን አንድ ትልቅ አናደርገውም? ጎተራን እናስብ። ጤፉም፣ ባቄላውም፣ ዘሩም ባንድ ጎተራ ከተገለበጠ በክረምት ዘሩን መለየት የለም። ሰርቨርም ላይ ሁሉ ባንድ ከተከተተ የቪዲዮ ትምህርት የሚጭን ሰው ቦታውን ሲሞላው ሬጅስትራሩ ማርክ ማስገባት አይችልም።

ከላይ በሐ ያገኘነውን 18 ቴራባይት ለምሳሌ እንዲህ ማድረግ ይቻላል፦

የተማሪ ውጤትና መዝገብ — 1 ቴራባይት
የፈተና ወረቀቶች — 1 ቴራባይት፣ የሚከፍቱት የተፈቀደላቸው ብቻ
የመምህራን ማስታወሻና የትምህርት ዕቅድ — 3 ቴራባይት
የቪዲዮና የድምፅ ትምህርቶች — 8 ቴራባይት
ያልተመደበ — 5 ቴራባይት

ኮምፒውተሩ ላይ የሚታየው ቁጥር ከዚህ ያነሰ ቢሆን አይደንግጥን። የዲስክ ሻጭ በ1,000 ሲቆጥር ብዙ ማሽን በ1,024 ይቆጥራል፤ ሰርቨሩም ለራሱ ሥራ የሚይዘው ድርሻ አለ።

5 ቴራባይት ለምን ሳይመደብ ቀረ? ቮልዩምን ከማሳነስ ማስፋት ይቀላልና ነው። ማን እንደሚያድግ ዛሬ አናውቅም፤ ሲታወቅ ለዚያው እንጨምርለታለን። እዚህ ላይ ሁለት ነገር አይምታታብን። ያልተመደበ ቦታና ስኮርታ ዲስክ አንድ አይደሉም። ያልተመደበው ቦታ ለዕድገት ነው፣ ሊበላም ይችላል። ስኮርታው ለሞት ነው፣ አይበላም።

7ኛ. ስኮርታ የማያድነው ነገር

ስኮርታና ፓሪቲ የሚያድኑት ከዲስክ ሞት ብቻ ነው። ሰው በስሕተት ፋይል ቢሰርዝ ማሽኑ መሰረዙን በታማኝነት በሁሉም ዲስክ ላይ ይፈጽማል። እሳት፣ ውኃ፣ ሌባ፣ ቫይረስም እንዲሁ ናቸው።

ለዚህ የታወቀ ምሳሌ አለ። እ.ኤ.አ. በ1998 ፒክሳር የተባለው የፊልም ድርጅት ቶይ ስቶሪ 2ን በመሥራት ላይ ሳለ፣ አንድ ሰው በሰጠው የመሰረዣ ትእዛዝ አብዛኛው የፊልሙ ፋይል ከሰርቨሩ ጠፋ። መጠባበቂያ ቅጂውን ሲያዩት በትክክል ሲሠራ አልቆየም። ሥራውን ያዳነችው ልጅ ወልዳ በቤቷ ሆና ትሠራ የነበረች አንዲት ሠራተኛ ናት፤ በቤቷ ባለው ኮምፒውተር ላይ ቅጂ ተገኘ። ፊልሙ በ1999 ወጣ። ትልቅ ድርጅትም ቢሆን ቅጂው ካልተሞከረ ቅጂ የለውም ማለት ነው።

ስለዚህ ስናፕሾት የሚባለው የትናንቱን ገጽታ የሚያቆይ ዘዴ ይብራ፤ በስሕተት ለተሰረዘ ፋይል ቶሎ ይደርሳል። ነገር ግን እርሱም በዚያው ሣጥን ውስጥ ነው። የተማሪ ውጤት ያለበት ቮልዩም በየሳምንቱ በውጫዊ ዲስክ ይቀዳና በሌላ ሕንፃ ይቀመጥ። በየወሰነ ትምህርቱ ደግሞ አንድ ፋይል ከቅጂው ላይ አውጥቶ መከፈቱን ማየት ነው።

ማጠቃለያ

ዲስክ ይሞታል፤ ይህ አያከራክርም። የሚያከራክረው በሚሞትበት ቀን ምን ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል የሚለው ነው። ፓሪቲ የጠፋውን ያሰላል፣ ስኮርታ ቦታ ይሰጠዋል፣ የቮልዩም አከፋፈል አንዱ ሥራ ሌላውን እንዳያፍነው ያደርጋል፣ በሌላ ቦታ ያለ ቅጂ ከሰው ስሕተት ያድናል። ከአራቱ አንዱ ሌላውን አይተካም።

መልመጃ

1. በሦስት ዲስኮች ላይ 6፣ 8 እና ያልታወቀ ቁጥር አለ። ፓሪቲው 19 ነው። የጠፋው ቁጥር ስንት ነው?
2. ባለ 4 ቴራባይት ዲስክ በሰከንድ 100 ሜጋባይት ቢጻፍ መልሶ ለመገንባት ስንት ሰዓት ይፈጃል?
3. ባለ 8 ዲስክ ሰርቨር ከቅርብ ከተማ 300 ኪሎ ሜትር ርቆ ላለ ትምህርት ቤት ተሰጠ። ስንቱን ለመረጃ፣ ስንቱን ለፓሪቲ፣ ስንቱን ለስኮርታ ትመድባላችሁ? ምክንያታችሁን አስረዱ።
4. «ያልተመደበ ቦታ ስላለን ስኮርታ አያስፈልገንም» ላለ ሰው በሦስት መስመር መልስ ስጡ።

መልስ የሠራ እጩ መምህር በወረቀት ጽፎ ከዚህ ገጽ ሥር ይለጥፍልን። በተለይ ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ብንከራከርበት ሁላችንም እንማርበታለን።